የእትዬ በለጡ ግድግዳ

ሞኝነቴን ሌላ ሰው አጋኖ ከሚያወራው ራሴው ልናገር። ባለፈው ጳጉሜ፣ ሃምሳውን ያለፍኩ፣ ልጅ ያሳደግኩ፣ በኮሚቴ ምርጫ ጊዜ «እሱ ሰከን ያለ ነው» ተብሎ የምጠቆም ሰውዬ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ሳሎኔን በገዛ እጄ ወረቀት አለብሳለሁ ብዬ ተነስቼ የመብራቱን ማብሪያና ማጥፊያ አብሬ ለጥፌው አረፍኩ። መለጠፌን ያወቅኩት ሲመሽ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ባለቤቴ ከአንድ ጥግ፣ እኔ ከሌላ ጥግ፣ ግድግዳውን በጣታችን እንደ ሐኪም እያንኳኳን ማብሪያ ስንፈልግ ዋልን። «እዚህ ጋ ነበር» ትላለች፤ «አይ፣ እዚህ ጋ» እላለሁ፤ በየቀኑ ስንነካው የኖርነው ነገር የት እንደነበር ሁለታችንም አለማወቃችን ያስገረማት ልጄ ሰላም ናት።

ሰላም የሰው ቤት ታሳምራለች፤ ሥራዋ ነው፣ ተምራዋለች። ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ስልኳን ከፍታ የማታውቀውን ሰው ሳሎን፣ የማታውቀውን ሰው ትራስ፣ የማታውቀውን ሰው አምፖል ስታይ ትቆያለች። ምን እያደረግሽ ነው ስላት «አይዲያ እየሰበሰብኩ ነው አባዬ» ትለኛለች። እኔም ድሮ ሥራዬ ይኸው ነበር ብላት ትስቃለች። እሷ ከስልክ ትሰበስባለች፣ እኔ ከሐዲድ ሥር ነበር የምሰበስበው፤ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው።

እና ሰላም የወረቀቱን ማጣበቂያ ከሱቅ ግዛ ብትለኝ አሻፈረኝ አልኩ። የስንዴ ዱቄት እያለ ለማጣበቂያ ብር የሚያወጣ የአቃቂ ልጅ የለም ብዬ ተኩራርቼ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ ጣድኩት። ኮላው መንተክተክ ሲጀምር አንድ ሽታ ወጣ፤ ሊጥ ሊጥ የሚል፣ ደግሞ እርጥብ ጭቃ፣ ደግሞ ያረጀ ጋዜጣ የሚል፤ ከዱቄትና ከውኃ ያ ሁሉ ሽታ ከየት እንደመጣ እኔ አላውቅም፣ ብቻ ማማሰያዬን እንደያዝኩ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄዶ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ እናቴ በር ላይ አቆመኝ። ማብሪያውን የለጠፍኩት ያኔ ነው መሰለኝ። እጄ ገላን ነበር፣ እኔ ግን አልነበርኩም።

ያን ጊዜ ቤታችን ከሐዲዱ የሚርቀው አንድ የድንጋይ ውርወራ ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ ተገርፌበታለሁም። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ስለነበረ ነው እዚያ የሰፈርነው። የዕቃ ባቡር ሲያልፍ የድስት ክዳን ይንጫጫል፣ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ተጠጋግተው ይንሾካሾካሉ፣ ከግድግዳው ላይ ጭቃ እየተፈረፈረ ወጥ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነበር ሠፈራችን ግድግዳውን ወረቀት የሚያለብሰው፤ ውበቱ ኋላ የመጣ ነው፣ መጀመሪያ የታሰበው ወጡ ነበር። ለእንቁጣጣሽ አንዴ፣ ለፋሲካ አንዴ፣ በመሃል ደግሞ ሰርግ ወይም ክርስትና ያለበት ሰው ቤት፣ ኮላ ይፈላል፣ አይጥ እንዳይበላው እናቶች ትንሽ ሬት ጣል ያደርጉበታል፣ ያረጀው ወረቀት ላይ አዲሱ ይለጠፋል። በዓመት በዓመቱ ግድግዳው እየወፈረ፣ ቤቱ እየጠበበ፣ እኛም በኩራት እየኖርን።

ወረቀቱን የሚያመጣልን ባቡሩ ራሱ ነበር። ከድሬዳዋ የሚመጣው የመንገደኛ ባቡር አቃቂ ሊደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ማቃሰት ሲጀምር፣ መንገደኛው ቤቱ ሊገባ ነውና እጁ ላይ ያለውን በመስኮት ያራግፋል። የብርቱካን ልጣጭ፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የሲጋራ ፓኮ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ የሁለት ቀን ጋዜጣ፤ እግዜር የፈቀደ ዕለት ደግሞ ከአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ አንድ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ የፈረንጅ መጽሔት እንደ ርግብ ክንፉን ዘርግቶ ይወርዳል። ባቡሩ ሲቆም ትኬት በሺው ቀጭን ወጣት ወርዶ ቧንቧው ጋ ውኃ ይጠጣል፤ ሌላው ልጅ ጠርሙስ ይሻማል፤ እኔ ሥዕል። ስሜ ታዲዮስ ሆኖ ሳለ ሠፈሩ «ታዲ ወረቀት» ያለኝ ለዚህ ነው።

ጉራ ይመስላል እንጂ ዓይን ነበረኝ። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ብርማ ወረቀት በጥፍሬ አለስልሼ ኮከብ እቆርጥባታለሁ። የሻይ ቅጠል ካርቶን ቀዩን ከቀዩ፣ የሳሙናውን ሰማያዊ ከባሕሩ ሰማያዊ እያጎራበትኩ እለጥፋለሁ። ይሄን ማን አስተማረህ ብትሉኝ የጎረቤት የልብስ ገመድ እላችኋለሁ፤ አንዲት ሴት አረንጓዴ ቀሚሷን ከነጭ ነጠላዋ ጎን ስታሰጣ አይቼ ቤቴ ሮጬ ግድግዳዬን የቀየርኩበት ቀን አለ። ዝናብ የመታው የፉርጎ ዝገት፣ ገበያ ላይ የተከመረ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አባቴ ቱታ ላይ ያለ ግራሶ፣ ሁሉም ለኔ «እንዲህ አድርገህ ለጥፍ» የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን ገበያ ልካኝ የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ፈዝዤ ስቀር «ይሄ ልጅ ዓይነ ጥላ አለበት» ብላ ጠበል ወስዳኛለች።

ደንብም ነበረኝ። ባሕርና ተራራ ከላይ፣ ሰው ከመሃል፣ ማስታወቂያ ከታች። ጽሑፍ በፍጹም ተገልብጦ አይለጠፍም፤ ምክንያቱም በእኛ ሠፈር እንግዳ ግድግዳ ያነባል። ቁጭ ይላል፣ ውኃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የተለጠፈውን ማንበብ ይጀምራል፣ ማንም እንደ ነውር አያየውም። አንድ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጎረቤታችን እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ያለች የአንድ የጠፋ መርከበኛ ታሪክ አንብበው አንብበው መጨረሻዋ ቁም ሳጥኑ ኋላ ስለገባባቸው፣ በመጡ ቁጥር «ያ ሰውዬ ግን ተረፈ?» እያሉ አባቴን ይጠይቁት ነበር። አባቴም ሰው ማሳዘን ስለማይወድ «ተርፏል» ይላቸዋል። ቁም ሳጥኑ ሲነሳ ግን መርከበኛው በሕይወት እንደሌለ ታወቀ፤ ጋሽ ደምሴ አባቴን ለሳምንት አኮረፉት።

እንግዲህ ዝናዬ እዚህ ደርሶ ሳለ ነው እትዬ በለጡ እናቴ ዘንድ የመጡት። ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ያለቻቸው አንድ ልጅ ፀሐይ ናት፤ ሃያ ዓመቷ፣ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትይዝ። ሳሪስ ያለ አንድ እህል ነጋዴ ፀሐይን ለትዳር ፈልጎ ለእሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ነጋዴው መኪና አለው፣ ቆርቆሮው አዲስ የሆነ ግቢ አለው፣ ዕድሜውም አለው፤ ከፀሐይ እናት የሚያንስ አይመስለኝም። ፀሐይን ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም የሚያውቅ አልነበረም።

«ሰዎቹ ደህና ሰዎች ናቸው» አሉ እትዬ በለጡ፤ «ቤቴ ግን ሲታይ ያሳፍራል። ያንን ልጅሽን አውሺኝ፤ ግድግዳዬን ሰው ያድርግልኝ።»

«ውሰጂው» አለች እናቴ፤ «እኔን ያደከመው ይበቃል።»

አሥር ዓመቴ ነው፤ የዚያን ቀን እንደተከበርኩ ከዚያ ወዲህ አልተከበርኩም።

ሐምሌ ገብቶ የሰኔ ጾም የተፈታበት ሰሞን ነው። ዝናቡ እንደሆነ ጠዋት ይጀምራል፣ ከሰዓት ይደግማል፣ ማታ ደግሞ የቀረውን ያወርዳል። ዓርብ ጀመርኩ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሠራሁ። ያጠራቀምኩትን ምርጥ ምርጥ ሥዕል ሁሉ አወጣሁ። ደግሞ አዲስ ጥበብ ፈልስፌ ነበር፤ ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ እንዲያብለጨልጭ ከላዩም ኮላ እቀባዋለሁ። እንኳን በሐምሌ በመጋቢትም የማይደርቅ ጥበብ ነው፤ እሱን ግን የሚነግረኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ወደ ማምሻው ላይ ወረቀት አለቀብኝ። ያውም የት፣ ሽማግሌዎቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት፣ ልክ በተቀመጠ ሰው ዓይን ትክክል፣ አንድ ደብተር የምታህል ባዶ ጭቃ ቀረች። እትዬ በለጡ ወፍጮ ቤት ናቸው፣ ፀሐይ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች። ቤቱን በዓይኔ ስቃኝ አልጋው ራስጌ የፀሐይ የድሮ ደብተር አለ፤ ብገልጠው፣ ወዳጆቼ፣ መሃሉ ላይ ያየሁት ወረቀት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ዙሪያውን በወይን ጠጅ እስክሪብቶ ጽጌረዳ ተስሎበታል፣ ከላይ ሁለት ወፎች አንድ ጥብጣብ በአፋቸው ይዘዋል፣ ከታች ደግሞ ትንሽዬ ባቡር፣ መስኮቱ ሳይቀር ተቆጥሮ፣ ጭሱ እየተጠቀለለ እየተጠቀለለ ልብ እየሆነ ይወጣል። መሃሉ ላይ ፊደሎቹ ራሳቸው ቅጠል ያወጡ ሁለት ቃላት አሉ። አላነበብኳቸውም። አራተኛ ክፍል ነኝ፣ ማንበብ እችላለሁ፣ ከክፍሌም ሁለተኛ ነኝ፤ ግን ያ ቅጠል ያወጣ ፊደል ለኔ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አልነበረም። ጀርባው በእስክሪብቶ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተጽፎበታል፤ ጀርባውን ደግሞ ማን ያያል? ፀሐይ ትምህርት ቤት እያለች የሳለችው ነው ብዬ ኮላ ቀባሁና ለጠፍኩት። ከላዩም ደግሜ ቀባሁት። ራቅ ብዬ አየሁት። የቤቱ ዓይን ሆነ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠጉሬ ተበጥሮ፣ እናቴ የሠራችልኝን ሹራብ ለብሼ፣ የሙያዬን ውጤት ሰው ሲያደንቅ ላይ እዚያው ቤት ጥግ ቆምኩ። ፀሐይ መጋረጃ ኋላ ናት፤ ሽማግሌ በመጣ ቀን ልጅቱ አትታይም። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ የነጋዴው አጎት ነው፤ ቁና ቁና የሚተነፍስ፣ ቀለበቱን የሚያሽከረክር። ሦስተኛው ቄስ ናቸው፤ ጭቃው ይዟቸው ዘግይተዋል። መሪያቸው ኦቦ ገመዳ ናቸው፤ አቃቂ ገና እርሻ ሳለች ጀምሮ እዚያው የኖሩ፣ ሁለት መንደር ቢጣላ የሚጠሩ ሰው። ኦቦ ገመዳ ደግሞ አንድ አመል አላቸው። በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ገብተው ማንበብ ተምረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ፊደል ካዩ ሳያነቡ አያልፉም፣ ሲያነቡም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ ነው። ክብሪት ገዝተው ክብሪቱን ሳያነቡ አይለኩሱም ይባል ነበር።

ቄሱ ካልመጡ ነገር አይጀመርም፤ ነገር ካልተጀመረም ሽማግሌ ምንም አይቀምስም። ስለዚህ ዝም ተባለ። ዝም ሲባል ኦቦ ገመዳ ቀና ብለው ግድግዳዬን ማንበብ ጀመሩ።

«ን-ጹ-ሕ... ሳ-ሙ-ና» አሉ፤ ጣታቸው ተነስቷል። «ንጹሕ ሳሙና። ጥሩ ነው።»

እኔ ደስታዬ ወሰን የለውም። ጣታቸው ወደ ቀኝ ሄደ። «የ-ስ-ን-ዴ... ም-ር-ት። የስንዴ ምርት።»

«እሱን እንኳ እኛ ነን የምናውቀው» አለ የነጋዴው አጎት ሳቅ ብሎ።

ከስንዴው ቀጥሎ ያለው ያ ወፍና ባቡር ያለበት ነው። የቤቱ ዓይን። ሲደርሱበት እንዴት እንደሚደነቁ ቀድሜ ልደሰት ብዬ እኔም ወደዚያው አየሁ፤ ያን ጊዜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የለጠፍኩትን ነገር አነበብኩት። ቅጠል ያወጡት ሁለት ቃላት «የኔ ፀሐይ» ነበሩ። ባቡሩ፣ ልቡ፣ ወፎቹ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። በየሐሙሱ ባቡሩ ሲቆም ወርዶ ቧንቧው ጋ ውኃ የሚጠጣው፣ የመንገደኛ ትኬት የሚበሳው ያ ቀጭን ልጅ፤ በየሐሙሱ ውኃ የምትቀዳው ፀሐይ። ሠፈሩ በሙሉ ያልጠረጠረውን ነገር እኔ አምሮ እንዲታይ አድርጌ፣ ለሽማግሌ ዓይን አስተካክዬ፣ ኮላ ቀብቼ ለጥፌዋለሁ።

ሳላስበው ዘልዬ ጀርባዬን ወረቀቱ ላይ ለጠፍኩ። የኦቦ ገመዳ ጣት ሆዴ ላይ ቆመ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ቁጭ በል እንጂ» አሉ።

«እንዲህ ይሻለኛል አባባ።»

«አሞህ ነው?»

«አዎ... አይ... ቆሜ ነው የሚሻለኝ።»

እዚያው ብቆይ ኖሮ ነገሩ አልፎ ነበር። ዝናቡም ይዘንባል፣ ኮላውም ሹራቤ ውስጥ እየገባ ነው፣ ቀዝቃዛነቱ ጀርባዬን ሲነካኝ ይሰማኛል። ግን ውጪ የቄሱ ሳል ተሰማ፤ እትዬ በለጡ ተነስተው «ታዲዬ፣ ያንን ወንበር ለአባ አቀብልልኝ እስቲ» አሉኝ። ታላቅ ሰው አዝዞኝ እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ማሰብም አልቻልኩም፣ እግሬ ሄደ። ከኋላዬ የሆነ ነገር ቅርፍ ሲል ሰማሁ። የሱፍ ሹራብና ያልደረቀ ኮላ ምን ያህል እንደሚዋደዱ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ወረቀቱ ከግድግዳው ተላቆ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ተከትሎኛል። ሥዕሉ ወደ እኔ፣ ማንም አያየውም ያልኩት ጥቅጥቅ ያለው ጽሑፍ ወደ ሽማግሌዎቹ።

ወንበሩን ላነሳ ጎንበስ ስል ከኋላዬ ያ ድምፅ መጣ።

«ፀ-ሐ-ይ-ዬ...» አሉ ኦቦ ገመዳ። «ባ-ቡ-ሩ... አ-ቃ-ቂ... ሳ-ይ-ደ-ር-ስ...»

ደንግጬ ዞርኩ። ስዞር ጀርባዬ ወደ እትዬ በለጡ ሆነ። እሳቸው ደግሞ ከኦቦ ገመዳ ጋር አንድ መሠረተ ትምህርት ክፍል ነበሩ፣ ያውም ጎበዟ እሳቸው። ድምፅ ሳያወጡ እስከ መጨረሻው አነበቡት። መጋረጃው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ሳይደርስ ምን?» አለ የነጋዴው አጎት፤ ማንበብ አይችልም። «ቀጥሉ እንጂ ኦቦ ገመዳ! ባቡሩ ሳይደርስ ምን ሆነ?»

ኦቦ ገመዳ ተነሱ። ትከሻዬን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ወረቀቱን ከጀርባዬ ላይ እንዳይቀደድ ቀስ እያሉ አላቀቁት። ከንፈራቸው ለትንሽ ጊዜ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ሁለት ቦታ አጠፉት።

«እንጃ» አሉ። «ከዚህ በኋላ ያለው ፊደል ከበደኝ።»

ክብሪት ሳያነቡ የማይለኩሱ ሰውዬ እንዲህ አሉ። ወደ መጋረጃው ሄዱ፤ ሳይገልጡት፣ ወደ ውስጥም ሳያዩ፣ እጃቸውን ብቻ በጎን አሳልፈው «እንኪ ልጄ፣ ዕቃሽን» አሉ። የሆነ እጅ ተቀበላቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እትዬ በለጡ ዞሩ።

«ወይዘሮ በለጡ፣ ግድግዳዎ ገና አልደረቀም። እርጥብ ቤት ውስጥ እኛ ነገር አንጀምርም። ሲደርቅ ይልኩብናል።»

«እንዴ! መጣን እኮ! ምን ብዬ ልንገረው?» አለ አጎትየው።

«አልደረቀም በለው» አሉ፤ በር ላይ ጭቃቸውን እያራገፉ ያገኟቸውን ቄስም ክንዳቸውን ይዘው «አባ፣ ሌላ ቀን ነው» ብለው መልሰዋቸው ወጡ። ማንም ልኮባቸው አያውቅም።

እኔ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ ሮጬ ወጥቻለሁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ሹራቡን አውልቃ ነው የመታችኝ፣ ሹራቡ እንዳይጎዳ። የወረቀት ሥራዬም በዚያው ቆመ። እትዬ በለጡ እስከ እንቁጣጣሽ ከእናቴ ጋር አልተነጋገሩም፤ ለእንቁጣጣሽ ግን ዳቦ ላኩልን፤ ነገሩ እንዳለፈ በዚያ አወቅን። ትኬት በሺው ልጅ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ ተባለ፤ ሐሙስ ቧንቧው ጋ ሌላ ሰው ውኃ መጠጣት ጀመረ። ፀሐይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። መንገድ ላይ ሳያት ዞሬ እሄድ ነበር። በኋላም እሷ ሳታገባ ዓመቱ ሲገፋ፣ እያንዳንዱን ዓመት እኔ በኮላ የለጠፍኩባት ይመስለኝ ጀመር። ሳቂታ ሰው ነኝ፤ ይህቺን ነገር ግን ቀልጄባት አላውቅም፣ ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም።

ዛሬ ያ ሁሉ የለም። ሐዲዱ ከፊሉ ተነቅሏል፣ ከፊሉ ሣር ውጦታል፤ በአንድ በኩል ሰው ጎመን ተክሎበት አይቻለሁ። አዲሱ ባቡር ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም፤ መንገደኛ ወረቀት ልጣል ቢልም አይችልም፣ ቢችልም የሚለቅም ልጅ የለም። የኛ ቤት ሲፈርስ የግድግዳው ወረቀት አንድ ስንዝር ደርሶ ነበር ብለውኛል፤ በላዩ በላዩ የተለጠፈ የሃያ ዓመት ጋዜጣ፣ በሬት የጣፈጠ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንግዳ ሲመጣ የሚያነበው ስልኩን ነው። ከፋኝ አልልም፤ ወጤ ውስጥ ጭቃ መግባቱ ቀርቷል። ግን ሰው ቤት ገብቼ ቁጭ ስል አንገቴ ሳላዘው ዘንበል ይላል፤ ግድግዳው ነጭ ነው፣ ምንም አይልም።

ታዲያ ሰላም የማብሪያውን ጉድ በምላጭ ቆርጣ ካስተካከለች በኋላ «አሁን ለዚህ ወረቀት የሚሄድ መጋረጃ ያስፈልገዋል» ብላ ባለፈው ወር ሳሪስ አቦ አካባቢ ያለ አንድ መጋረጃ ቤት ወሰደችኝ። «ሴትዮዋ አርቲስት ናት፣ ቀለም ታውቃለች፣ እኔ እንኳ አይዲያ የምወስደው ከእሷ ነው» አለችኝ። ገባን። በየግድግዳው ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ቢጫው ከግራጫው፣ አረንጓዴው ከነጩ እንዴት ተጎራብተው እንደተሰቀሉ ሳይ ልቤ ደስ አለው። ከጠረጴዛው ኋላ መነጽር ያደረጉ፣ ረዥም ሴት ጨርቅ እየቀደዱ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጡ።

«አንተ! ዙር እስቲ፣ ጀርባህን ልየው።»

ፀሐይ ነበረች። ስትስቅ አፏን ያዘች። ልጄ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። ያለ ወትሮዬ ቀልድ ጠፋኝ።

«እቴ ፀሐይ» አልኳት፤ «ይቅርታ ልጠይቅሽ ፈልጌ አርባ ዓመት ሸሸሁሽ። ያን ነጋዴም፣ ያን ልጅም፣ ሁለቱንም ያስቀረሁብሽ እኔ ነኝ።»

«ቱ! ሞኝ!» አለችኝ። «ነጋዴው እንኳን ቀረ። ያኛውም ቢሆን ሥዕሉ ነበር የሚያምረው፤ ድሬዳዋ ሆኖ ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ሁለቱም ስለ ሙቀቱ ነው። ይልቅ ስማኝ። ሽማግሌዎቹ እንደወጡ እናቴ መጋረጃውን ገልጣ አጠገቤ ቁጭ አለች። ልትመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እሷ ግን ‹ለመሆኑ አንቺስ ምንድነው የምትፈልጊው?› አለችኝ። ከተወለድኩ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እሷንም የጠየቃት ያለ አይመስለኝም። ‹ላስብበት› አልኳት። ‹አስቢበት፣ ማንም አያጣድፍሽም› አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው ታዲ፤ ምን ላድርግ፣ ማሰቡ ጣፈጠኝ።»